ጅማ፣ ቦሳ ቂጦ፦ የመኖሪያ ቤት ስፕሪንክለር ጥገና የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ቤቱና መስመሩ

ፎቅ የሌለው ቪላ ነው፤ ስፋቱ 160 ካሬ ሜትር ገደማ። ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ጂብሰም፣ ከወለል እስከ ኮርኒስ 2.80 ሜትር። ከኮርኒሱ በላይ 1 ኢንች ጋልቫናይዝድ ዋና መስመር ይሄዳል፤ ከእሱ የሚወጡ ¾ ኢንች ቅርንጫፎች 14 የስፕሪንክለር ራሶችን (እሳት ሲነሳ በሙቀት ተከፍተው ውሃ የሚረጩ አፎች) ይመግባሉ። ጓሮ ውስጥ 6 ሜትር ከፍታ ባለው የብረት ማማ ላይ 2,000 ሊትር ሮቶ ተቀምጧል። ማማው ሥር ለእሳት ብቻ የተመደበ 1.1 ኪሎዋት ፓምፕ፣ 24 ሊትር የግፊት ታንከርና ግፊት ሲወርድ ፓምፑን የሚያስነሳ ፕረዠር ስዊች አሉ። የቤቱ የዕለት ውሃ ከዚያው ሮቶ በራሱ ክብደት ይወርዳል እንጂ በፓምፑ አያልፍም።

መስመሩ ዓመቱን ሙሉ ውሃ እንደሞላ ይቆማል። ጅማ ውስጥ ቧንቧ ውስጥ ያለ ውሃን በረዶ የሚያደርግ ብርድ ስለሌለ፣ በቀዝቃዛ አገር የሚታየው በአየር የሚሞላ መስመርም ሆነ ፀረ በረዶ ፈሳሽ እዚህ ትርፍ ወጪ ነው። የዚህ አገር ጣጣ ሌላ ነው፦ ደለል፣ የመብራት መቆራረጥ፣ ምስጥ፣ የማድቤት ቅባት።

የምንለካበት መስፈርት የአሜሪካው የእሳት መከላከያ ማኅበር (ኤንኤፍፒኤ) ያወጣው ኤንኤፍፒኤ 13ዲ ነው። አሜሪካኖች ለአንድና ለሁለት ቤተሰብ መኖሪያ ብለው በ1975 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ያወጡት ሲሆን፣ ከውሃ ምንጩ የሚጠይቀው ሁለት ራሶች አንድ ላይ ተከፍተው ለ10 ደቂቃ እንዲያፈሱ ነው። እዚህ ቤት ያሉት ራሶች የፍሰት ቁጥራቸው 70 ነው። ከአንድ ራስ በደቂቃ የሚወጣው ሊትር 70 ሲባዛ በግፊቱ ስኩዌር ሩት ነው (ግፊቱ በባር)። ዝቅተኛው የተፈቀደ ግፊት 0.48 ባር ላይ 49 ሊትር ይሆናል፤ ለሁለት ራስ 98 ሊትር በደቂቃ። ከ186 ካሬ ሜትር በታች ለሆነ ፎቅ የለሽ ቤት መስፈርቱ 7 ደቂቃ ይበቃል ይላል። እኛ ግን 10ሩን ይዘናል፤ በዝናብ ወቅት ጭቃ በሆነ የውስጥ ለውስጥ መንገድ እርዳታ እስኪደርስ ሦስት ደቂቃ ብዙ ነው።

ሰኞ፦ ምንም ሳይፈታ መለካት

ከማጽዳት በፊት መለካት ግድ ነው። ተጠርጎ ከተለካ በኋላ ምን ተበላሽቶ እንደነበር አይታወቅም።

ከፓምፑ ርቆ ባለው የመስመር ጫፍ ላይ፣ በኮርኒስ ከፍታ፣ ሁለት የሙከራ መውጫዎች አሉ። በእያንዳንዱ ላይ አምፖሉና መበተኛ ሳህኑ የተነሳ አሮጌ ባለ 70 ራስ ታስሯል፤ ስለዚህ የሚያፈሱት ልክ እንደ እውነተኛ ራስ ነው። የሚያስፈልገው 20 ሊትር ጀሪካን፣ ሰፊ ላስቲክ ቱቦና የስልክ ሰዓት ብቻ ነው። አንድ ራስ 49 ሊትር ካወጣ ጀሪካኑ በ24 ሴኮንድ ተኩል ይሞላል። ሁለቱ አንድ ላይ ወደ አንድ ዕቃ ከፈሰሱ ከ12 ሴኮንድ ማለፍ የለበትም።

የተገኘው፦ ፓምፑ እየሠራ አንዱ መውጫ ብቻ ተከፍቶ 34 ሴኮንድ፣ ማለትም በደቂቃ 35 ሊትር። ሁለተኛው ሲከፈት የግፊት መለኪያው (ጌጁ) ወደ ዜሮ ወረደ። ሁሉም ነገር ተዘግቶ ሲቆም ግን ጌጁ 3.2 ባር ያሳያል። የቆመ ውሃ ግፊት ስለ ፍሰት ምንም አይናገርም፤ መርፌ በምታህል ቀዳዳ የሚመገብ መስመርም 3.2 ባር ያሳያል። ባለቤቶቹ ጌጁን በየጊዜው እያዩ "ደህና ነው" ሲሉ የቆዩት ለዚህ ነው።

መጀመሪያ የተጠረጠረው ከፓምፑ በኋላ ያለው ጌት ቫልቭ ነው። እጀታው እስከ መጨረሻው ይዞራል፣ ክፍት ይመስላል። ተፈቶ ሲታይ ውስጡ ያለው በር ከዘንጉ ተላቆ ግማሽ መንገድ ላይ ተንጠልጥሏል። በርካሽ ናስ ጌት ቫልቭ ላይ የተለመደ ነው፤ ለዓመታት ሳይነካ ይቆይና አንድ ቀን በኃይል ሲዞር የበሩ ጥርስ ይሸረፋል። ከውጭ ማንም ሊያውቀው አይችልም። የተተካው በ1 ኢንች ቦል ቫልቭ ነው፤ እጀታው በቧንቧው አቅጣጫ ከተኛ ክፍት፣ ከተሻገረ ዝግ። ከአምስት ሜትር ርቀት ይታያል። ሲዘጋ ግን በቀስታ ነው፤ በአንድ ምት ከተዘጋ የውሃው ግጭት መጋጠሚያዎችን ያናጋል።

እጀታው በክፍት ቦታው በሰንሰለትና በቁልፍ ታሰረ፤ ቁልፉ ዘበኛውም እመቤቲቱም የሚያውቁት ቦታ ተሰቀለ። "የእሳት ውሃ ነው፣ አይዘጋ" የሚል ሰሌዳ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ተጽፎ ተንጠለጠለ። ነገሩ ማጋነን አይደለም፤ ኤንኤፍፒኤ ስፕሪንክለር ሳይሠራ የቀረባቸውን ቃጠሎዎች ሲመረምር ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ምክንያቱ የስፕሪንክለሩ ራስ ወይም ፓምፑ ሳይሆን መስመሩ አስቀድሞ ተዘግቶ መገኘቱ ነው።

ከዚህ በኋላ መስመሩ ተዘግቶ በሚቆይበት ሰዓት ሁሉ ማድቤት አይነደድም፣ ከሰል አይቀጣጠልም፣ 6 ኪሎ ደረቅ ዱቄት ማጥፊያ በር ላይ ይቀመጣል። ማታ ሥራው ባያልቅም መስመሩ ውሃ ተሞልቶ ይታደራል።

ማክሰኞ፦ ሮቶውና ወንፊቱ

ከሮቶው መውጫ ቀጥሎ ያለው የዋይ (Y) ቅርጽ ያለው ወንፊት ተፈታ። መረቡ በቀይ ጭቃ ተለስኗል፣ ብርሃን እንኳ አያሳልፍም። በጥርስ ብሩሽና በንጹህ ውሃ ታጠበ፤ መረቡ አንድ ቦታ ላይ ተቀዶ ስለነበር ተቀየረ። የተቀደደ ወንፊት ከሌለ ወንፊት ይብሳል፤ ያጠራቀመውን ሁሉ አንድ ላይ ነው የሚለቀው።

ሮቶው ውስጥ አራት ጣት ያህል ለስላሳ ደለል ተኝቷል። ዝናብ ሲጀምር ውሃው ደፍርሶ የሚመጣበት ሰፈር ላይ ይህ ብርቅ አይደለም። ከታች ባለው ማጠቢያ ቀዳዳ ተለቀቀ፣ በመጥረጊያ ተገፋ፣ ሁለት ጊዜ ታጥቦ ወጣ። የእሳቱ መውጫ ከወለሉ 10 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ መብሳቱ ጥሩ ነው፤ ደለል ቢተኛም ወዲያው አይስበውም።

ትልቁ ጉድለት የቤቱ መውጫም በዚያው ከፍታ ላይ መሆኑ ነው። የከተማው ውሃ ለቀናት ሲጠፋ ቤተሰቡ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ይጠቀማል፤ የዚያን ቀን እሳት ቢነሳ ፓምፑ አየር ነው የሚስበው። መፍትሔው አዲስ ቀዳዳ መብሳት አያስፈልገውም፦ በቤቱ መውጫ የውስጥ በኩል ክርን ታስሮ ወደ ላይ የሚቆም ቧንቧ ይተከላል። የቤቱ ውሃ የሚወርደው ከቧንቧው አፍ በላይ ያለው ብቻ ይሆናል፤ ከዚያ በታች ያለው ለእሳት ተቆልፎ ይቀራል። ለዚህ ተራ አረንጓዴ ፒፒአር (የፕላስቲክ ቧንቧ) ይበቃል፤ ውሃ ውስጥ ስለሚኖር እሳት አያገኘውም።

የቧንቧው ቁመት እንዴት ይወጣል? የሮቶው ዲያሜትር 1.30 ሜትር ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሴንቲሜትር ከፍታ 13.3 ሊትር ይይዛል። በመስፈርቱ ስሌት 980 ሊትር ማለት ከእሳቱ መውጫ በላይ 74 ሴንቲሜትር ነው። ቧንቧው ግን ገና አልተቆረጠም። ትክክለኛው ፍሰት ሳይታወቅ ቁመቱን መወሰን አይገባም፤ ምክንያቱ ቅዳሜ ላይ ተጽፏል።

የተንሳፋፊው ቫልቭ ጎማ አብጦ ስለነበር ተቀየረ። የሮቶው ክዳን ላይ ደቃቅ ሽቦ መረብ ታሰረ፤ ቅጠልና ጉንዳን ወንፊቱን ለመድፈን ወራት አይፈጅባቸውም።

ረቡዕ፦ ራሶቹ

ብዙ ሰው ስፕሪንክለር ሲባል በፊልም እንደሚታየው ሁሉም አንድ ላይ የሚፈነዳ፣ በሲጋራ ጭስም የሚነሳ ይመስለዋል። ራሱ የሚሠራው በሙቀት ብቻ ነው፤ ቡና ሲቆላ፣ እጣን ሲጤስ፣ በርበሬ ሲታመስ ምንም አይነካውም። የሚፈነዳውም አብዛኛውን ጊዜ እሳቱ አጠገብ ያለው አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ ነው።

በመስታወት አምፖሉ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ቀለም ሙቀቱን ይናገራል፦ ብርቱካናማ 57 ዲግሪ፣ ቀይ 68፣ ቢጫ 79፣ አረንጓዴ 93። የቤት ራስ አምፖሉ 3 ሚሊሜትር ቀጭን ነው፤ ቶሎ ይሞቃል። የመጋዘን ራስ አምፖሉ 5 ሚሊሜትር ሆኖ ዘግይቶ ይፈነዳል። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ባለ 5ቱ ነው፣ የፍሰት ቁጥሩም 80 ነው። ክሩ አንድ ስለሆነ ይገጥማል፤ መግጠሙ ግን መኖሪያ ክፍል ውስጥ እንዲገባ አያበቃውም። የቤት ራስ ውሃውን ግድግዳው ላይ ከፍ አድርጎ እንዲመታ ተደርጎ ነው የተሠራው፣ የሰው መውጫ ጊዜ የሚገዛውም በዚህ ነው።

አንድ በአንድ በባትሪ ብርሃን ታዩ። ዘጠኙ ደህና ናቸው፤ አቧራቸው በለስላሳ የቀለም ብሩሽ ተጠረገ፣ በጨርቅ አልተሻሸም፣ ሳሙና አልነካቸውም።

ሦስቱ መኝታ ቤት ውስጥ ነጭ ቀለም ተቀብተዋል። ኮርኒሱ ሲታደስ ቀቢው በሮለር አልፎባቸዋል። በቲነር ማጽዳት አይሞከርም፤ ቀለም የነካው ራስ ይቀየራል። ለምን እንደሆነ ለቤቱ ሰዎች በድስት ታየ። ከተፈቱት ቀለም የነካውና ለማነጻጸሪያ የመጣ ንጹህ አሮጌ ራስ በውሃ ድስት ውስጥ ተቀምጠው ክዳኑ ተከድኖ ተጣደ። አምፖሉ ሲፈነዳ ስብርባሪው ስለሚፈናጠር ክዳኑ አይነሳም። ንጹሁ ቀድሞ ጠቅ አለ፤ ሲወጣ መክደኛው ወድቋል፣ ቀዳዳው ተከፍቷል። የተቀባው አምፖሉ ዘግይቶ ፈነዳ፣ መክደኛዋ ግን በቀለሙ ተጣብቃ ቦታዋ ላይ ቀረች፤ በጥፍር ካልተገፋች አትወርድም። በመስመር ግፊት ልትገፋ ትችላለች፤ መብራት ጠፍቶ ከማማው በሚመጣ ሦስት አሥረኛ ባር ግን ዋስትና የለም። (ጅማ 1,780 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለቀይና ለቢጫ ራስ ይበቃል፤ አረንጓዴውን በድስት ለመፈተን ግን አይመችም።)

አንዱ ኮሪደር ላይ ያለው አምፖሉ ፈሳሹ ጎድሏል። ትንሽ አረፋ በሁሉም ውስጥ አለ፣ እሱ ጤነኛ ነው። ግማሽ ባዶ የሆነ ወይም ቀለሙ የነጣ ግን ስንጥቅ አለበት፤ ፈሳሹ ካልተስፋፋ አምፖሉን የሚሰብር ነገር የለም።

የመጨረሻው የማድቤቱ ነው። ቅባትና ጥቀርሻ እንደ ቅርፊት ይዞታል፣ ይቀየራል። ግን በምን? ቀይ ነበር። ከኤሌክትሪክ ምጣዱ ጠርዝ 60 ሴንቲሜትር ወደ ጎን ላይ ነው፤ ከምድጃ መራቅ ከሚገባው 45 ሴንቲሜትር ይበልጣል። ሆኖም እንጀራ ሲጋገር ቴርሞሜትር እዚያው ተሰቅሎ 47 ዲግሪ አነበበ። ቀይ ራስ የሚቀመጠው የኮርኒሱ ሙቀት ከ38 በማያልፍበት ነው፤ ቢጫው እስከ 66 ይችላል። ስለዚህ ቢጫ፣ ባለ 3 ሚሊሜትር አምፖል፣ የቤት ዓይነት ገባ።

አገጣጠሙ፦ ፓምፑ ከብሬከሩ ይጠፋል፣ ቦል ቫልቩ ይዘጋል፣ ማፍሰሻው ይከፈታል፣ ከፍ ያለው የሙከራ መውጫ አየር እንዲያስገባ ይከፈታል። አየር ካልገባ ውሃው ቧንቧው ውስጥ ተንጠልጥሎ ይቀርና ራሱ ሲፈታ አልጋ ላይ ይወርዳል። ከመስመሩ የሚወጣው ውሃ ጥቁርና የሚሸት ነው፤ አይደንቅም፣ ምንጣፍ ላይ ከፈሰሰ ግን አይለቅም።

ክሩ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የራሶቹ ½ ኢንች ክር የአሜሪካ ነው፣ በገበያ ያለው የቧንቧ ዕቃ ግን የእንግሊዝ ክር ነው። በ½ እና በ¾ ኢንች ሁለቱም በአንድ ኢንች 14 ጥርስ ስላላቸው ይያያዛሉ፣ የያዘም ይመስላል፤ የጥርሱ ማዕዘን ግን 60 እና 55 ዲግሪ ስለሆነ ከጊዜ በኋላ ያንጠባጥባል። በ1 ኢንች ላይ ጥርሱም 11 ተኩልና 11 ስለሚሆን ጭራሽ አይሄድም። ከራሶቹ ጋር የአሜሪካ ክር ያለው መቀየሪያ ሶኬት መግዛት ያዋጣል፤ ራሱ ላይ የሚጠመጠም ቴፍሎን መጨመር መድኃኒት አይሆንም።

ቴፍሎን በክሩ አቅጣጫ ሁለት ወይም ሦስት ዙር፣ የመጀመሪያው ጥርስ ባዶ ተትቶ፤ አለዚያ ቁራጩ ውስጥ ገብቶ ቀዳዳውን ይደፍናል። በእጅ እስኪይዝ፣ ከዚያ ለስፕሪንክለር ራስ በተሠራው መፍቻ አንድ ዙር ወይም ትንሽ በለጥ። ኃይሉ ከ10 እስከ 19 ኒውተን ሜትር ነው። በፒንሳ ወይም በተራ የቧንቧ መፍቻ ክንፉን ይዞ ማዞር አምፖሉን በዓይን በማይታይ ስንጥቅ ያቆስለዋል። አምፖሉን የሸፈነው ፕላስቲክ የሚነሳው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው።

ሁለት መለዋወጫ ቀይ፣ አንድ ቢጫና መፍቻው በትንሽ ሳጥን ከፓምፑ ቤት ውስጥ ተሰቀሉ።

ሐሙስ፦ ከኮርኒስ በላይ

የብረት 1 ኢንች ቧንቧ በየ3.6 ሜትሩ መያዣ ይፈልጋል። እዚህ መያዣዎቹ አሉ፤ የታሰሩበት የባሕር ዛፍ አጣና ግን በሁለት ቦታ ውስጡ በምስጥ ተበልቷል። በካቻቢቴ ሲወጋ እንደ ደረቅ ዳቦ ይገባል። ቧንቧው ወደ መሃል ረግቧል፤ በረገበበት ሁለቱ ጎን አየር ይታቆራል፣ አየር ባለበት ደግሞ ብረት ይዝጋል። አጣናው እንዳለ ተትቶ በ40 ሚሊሜትር ላሜራ ቱቦ ከግድግዳ ግድግዳ አዲስ ተሸካሚ ተዘረጋ።

ሳሎን ላይ ሌላ ነገር ተገኘ፦ ሁለት ሜትር ያህሉ በአረንጓዴ ፒፒአር ተተክቷል፤ ከዚህ በፊት ፍሳሽ ሲያቆም የነበረ ባለሙያ ያደረገው ይመስላል። ለመታጠቢያ ቤት ምርጥ ዕቃ ነው። ለዚህ ሥራ ያልተፈተነ ተራ ፒፒአር ግን ኮርኒሱ ከተቀደደ በእሳት ፊት ይለሰልሳል፣ ያን ጊዜ ከሱ ወዲያ ያሉት አምስት ራሶች ውሃ አያገኙም። ወጥቶ በጋልቫናይዝድ ተተካ፤ ወደፊት እንዲፈታ መሃሉ ላይ ዩኒየን ገባ።

ከወጣው የብረት ቁራጭ ውስጡ ታየ፦ የታችኛው ግማሽ ቀጭን ጥቁር ሽፋን ብቻ፣ የላይኛው አየር ይነካው የነበረው ግማሽ እብጠት የመሰለ ዝገት። ለዚህ ነው መስመርን "ለማጽዳት" ብሎ በየጊዜው ማፍሰስ የሚጎዳው። የቆመ ውሃ በውስጡ ያለውን ኦክስጅን ከብረቱ ጋር ጨርሶ ይረጋል፤ አዲስ ውሃ በገባ ቁጥር አዲስ ኦክስጅን ይገባል። የወሩ ሙከራ አጭር ይሁን፣ ሙሉ ማፍሰስ ራስ ለሚቀየርበት ቀን ይቆይ፣ ሲሞላም አየሩ በጫፉ መውጫ እስኪወጣና ውሃው ሳይተፋ እስኪፈስ ይጠበቅ።

ዓርብ፦ መብራት

ፓምፑ የሚመገበው ከቤቱ ዋና ብሬከር በኋላ ነበር። እሳት ሲነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ብሬከር መጣል ነው፣ ትክክልም ነው፤ አብሮ ግን ፓምፑን ይገድላል። መስመሩ ከቆጣሪው ቀጥሎ ከዋናው ብሬከር በፊት ተነስቶ፣ የራሱ 16 አምፒር ብሬከር ተሰጥቶት፣ 2.5 ካሬ ሽቦ በብረት ቱቦ ውስጥ በውጭ ግድግዳ ሄደ። ቀይ ተቀባ፣ ተጻፈበት።

ምሽት 1 ሰዓት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ሲያበስል ፓምፑ ላይ የተለካው 184 ቮልት ነው። የሞተር ጉልበት በቮልቴጁ ካሬ ስለሚቀንስ በ220 ከነበረው 70 በመቶ ይቀራል። ጤነኛ ሞተር ይነሳል። ኮንደንሰሩ (ሞተሩን ለማስነሳት የሚረዳው ዕቃ) የደከመ ግን ያጉረመርማል እንጂ አይዞርም፣ ቆይቶ ይቃጠላል። የዚህኛው ኮንደንሰር ሲለካ ከተጻፈበት ከሩብ በላይ ጎድሏል፤ በተመሳሳይ ማይክሮፋራድና በ450 ቮልት ተቀየረ። ርካሽ ዕቃ ነው፣ ሁልጊዜ አንድ ትርፍ መያዝ ነው።

መብራት ጭራሽ ከጠፋስ? ጀነሬተር አለ፣ እስኪነሳ ግን የእሳቱ ወሳኝ ደቂቃዎች ያልፋሉ። ከማማው በክብደቱ ብቻ የሚመጣው ውሃ ምን ያህል እንደሆነ ተለካ፦ በቆመው ፓምፕ ውስጥ አልፎ አንድ ራስ በ43 ሴኮንድ ጀሪካን ሞላ፣ 28 ሊትር በደቂቃ። ኢምፔለሩ (በፓምፑ ውስጥ ያለው መዞሪያ) ያንቀዋል። ፓምፑን የሚዞር 1 ኢንች ማለፊያ ከባለ ክንፍ ቸክ ቫልቭ (ውሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) ጋር ተሠራ፤ ባለ ስፕሪንግ ቸክ ቫልቭ ለመከፈት ራሱ ግፊት ስለሚበላ እዚህ አይመረጥም። ከዚያ በኋላ 34 ሴኮንድ፣ 35 ሊትር። 49 አይደለም፣ መስፈርቱን አያሟላም፣ ውሃውም ግድግዳ አይደርስም። 12 ካሬ ሜትር መኝታ ቤት ላይ ግን በደቂቃ ወደ 3 ሚሊሜትር ውሃ ነው፣ እሳቱን ሊያንቀው ይችላል። ማማው በጣም ከፍ ያለ ቢሆን ኖሮ ፓምፕ ባላስፈለገ።

የግፊት ታንከሩ አየር ውሃው ወጥቶ ሲለካ 0.4 ባር ነበር። ስዊቹ በ1.8 ስለሚያስነሳ ታንከሩ 1.6 መሆን አለበት፤ በመኪና ጎማ መንፊያ ተሞላ። ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ሲግል ጌጁ ከ3.2 ወደ 4.6 ይወጣ የነበረው በዚህ ይመስላል፤ ቧንቧ ውስጥ ተዘግቶ የተስፋፋ ውሃ የሚጠጋበት በቂ አየር አልነበረውም።

የፍሰት ደወሉ ከነባትሪው ተሞከረ፣ ውሃ ከፈሰሰ ከ40 ሴኮንድ በኋላ ይጮኻል። ደህና ነው።

ቅዳሜ፦ ሙሉ ሙከራ

አንድ መውጫ፦ 13 ሴኮንድ፣ በደቂቃ 92 ሊትር ገደማ፤ ሰኞ 34 ሴኮንድ ነበር። ሁለቱ አንድ ላይ፦ 10 ሴኮንድ፣ 120 ሊትር፣ በእያንዳንዱ ራስ 0.73 ባር።

ከሚፈለገው 98 ስለሚበልጥ ደስ ይላል፣ ግን ውሃውም ቶሎ ያልቃል። 980 ሊትር በዚህ ፍሰት የሚቆየው 8 ደቂቃ ብቻ ነው። የሮቶው ስሌት የሚሠራው መስፈርቱ በሚጠይቀው ሳይሆን መስመሩ በእውነት በሚያፈሰው ልክ ነው። 120 በ10 ሲባዛ 1,200 ሊትር፤ ሲካፈል በ13.3፣ 90 ሴንቲሜትር። የማክሰኞው ቧንቧ አፉ ከእሳቱ መውጫ 90 ሴንቲሜትር ከፍ እንዲል ተቆረጠ። ለቤቱ 660 ሊትር ያህል ይቀራል። ቤተሰቡ አነሰን አለ፤ ሁለተኛ ሮቶ መሬት ላይ ለዕለት ውሃ ቢጨመር ይሻላል እንጂ ቧንቧውን ማሳጠር መልስ አይሆንም።

ለማነጻጸሪያ፦ በ1 ኢንች የብረት ቧንቧ በደቂቃ 110 ሊትር ሲያልፍ በእያንዳንዱ ሜትር 0.05 ባር ያህል ይጠፋል፣ በ¾ ደግሞ ሦስት እጥፍ ገደማ። ቅርንጫፍ ለማስረዘም የሚያስብ ይህን ቀድሞ ያስላ።

በሚቀጥለው ሳምንት

ማታ ማንም ውሃ ሳይነካ ፓምፑ እየተነሳ ይጠፋል ተባለ። የሆነ ቦታ ግፊት ያመልጣል ማለት ነው፤ ጥያቄው ወደ ቤቱ ነው ወይስ ወደ ሮቶው ተመልሶ ነው። ቦል ቫልቩ ተዘግቶ ከቤቱ በኩል ያለው ጌጅ ታየ፤ አድሮም 3.2 ላይ ነው። ስለዚህ ኮርኒሱ ውስጥ ፍሳሽ የለም፣ ኮርኒስ መቅደድ አያስፈልግም። ከፓምፑ መውጫ ያለው ቸክ ቫልቭ ተፈታ፤ መቀመጫው ላይ የስንዴ ፍሬ የምታህል የዝገት ቅርፊት ተቀምጣለች። አዲሱ ፍሰት ከመግቢያው ቧንቧ አላቅቆ ያመጣት ናት። ጎማው በጥፍር ተዳሶ ጠባሳ ስላልነበረው ታጥቦ ተመለሰ። ወንፊቱም እንደገና ተከፈተ፣ ጥቂት ቅርፊት ይዟል። ከትልቅ ጥገና በኋላ ወንፊት ሁለቴ መከፈት አለበት።

ለቤቱ የተተወው ሥራ

ወር በገባ፦ የቦል ቫልቩ እጀታና ሰንሰለቱ ይታያል፤ የሮቶው ውሃ ከቧንቧው አፍ በላይ መሆኑ ይረጋገጣል፤ ፓምፑ በሙከራ መውጫው አንድ ጀሪካን እስኪሞላ ይሠራል፣ ሴኮንዱ ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ይጻፋል። 13 የነበረው 16 ከሆነ ወንፊቱ ይከፈት። 24 ከደረሰ ባለሙያ ይጠራ። ውሃው ለጎመን መደብ ነው። ራሶቹም በዓይን ይቃኛሉ፤ ልብስ፣ መጋረጃ ሽቦ፣ የበዓል ጌጥ አይንጠለጠልባቸውም።

በየስድስት ወሩ ደወሉ፣ በዓመት የታንከሩ አየር፣ ኮንደንሰሩና የሮቶው ደለል፤ ደለሉ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ጥቅምት ላይ ቢሆን ይመረጣል። ጌጁ በ5 ዓመት ይቀየራል። ቀለም ቀቢ ሲመጣ እያንዳንዱ ራስ በትንሽ ፌስታል ተሸፍኖ በላስቲክ ይታሰራል፤ ሥራው ባለቀበት ማታ ይነሳል፣ ተቆጥሮ፣ 14።